በቡና ከረጢት ላይ የቀረ ስም፦ የኤድዋርድ ዳውቨስ ዴከር ሕይወትና ሥራ

በ1988 መገባደጃ ላይ በሆላንድ አገር የምግብ መደብሮች ውስጥ አንድ አዲስ የቡና ምልክት ታየ። በማሸጊያው ላይ የታተመው ስም «ማክስ ሃቨላር» የሚል ነበር። ምልክቱ ከሆላንድ ተነሥቶ ወደ ቤልጂግ፣ ወደ ስዊዘርላንድ፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ ሌሎችም አገሮች ሲዛመት፣ ቡናውን ገዝቶ የሚጠጣው ሰው ስሙን የአንድ ነጋዴ ወይም ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ድርጅት መሥራች ስም አድርጎ ቢወስደው የሚያስደንቅ አልነበረም። ዳሩ ግን ይህ ማክስ ሃቨላር በሥጋ የተወለደ ሰው አይደለም። ስሙ በ1860 ታትሞ የወጣ ልብ ወለድ መጽሐፍ ዋና ገጸ ባሕርይ መጠሪያ ነው። ገጸ ባሕርዩን የፈጠረው ኤድዋርድ ዳውቨስ ዴከርም ቡና ተክሎ፣ ቆልቶ ወይም ሸጦ የኖረ ሰው አልነበረም። በቅኝ ግዛት መሥሪያ ቤት ያገለገለ፣ ትልቁን ሹመቱን በሦስት ወር ውስጥ ጥሎ የወጣ፣ ቀሪ ዕድሜውን በአብዛኛው በዕዳና ከአገሩ ውጭ ያሳለፈ ሰው ነበር። ለመሆኑ የእንዲህ ያለ ሰው ድርሰት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ለቡና ገበሬ ተገቢ ዋጋ መለያ ለመሆን የበቃው እንዴት ነው? ይህን ለመረዳት የሕይወቱን ታሪክ ከመነሻው መመልከት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጃቫ ቡናና የሆላንድ ግምጃ ቤት

የቡና ተክል የመጀመሪያ ምድር የኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ደን መሆኑ የታወቀ ነው። ተክሉ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመን ከለማ በኋላ ወደ ሕንድ የማላባር ጠረፍ ደረሰ። ሆላንዳውያን ደግሞ በ1696 እና በ1699 ከዚያ አንሥተው ዛሬ የኢንዶኔዥያ ሪፐብሊክ ክፍል ወደሆነችው ወደ ጃቫ ደሴት ወሰዱት። ተክሉ በጃቫ ተራሮች ላይ ስለተስማማው ጥቂት ቆይቶ የደሴቲቱ ስም በአውሮፓና በአሜሪካ የቡና ሌላ መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ።

በ1830 ጠቅላይ ገዥው ዮሐንስ ቫን ደን ቦስ በጃቫ ሕዝብ ላይ የግዳጅ እርሻ ሥርዓት አወጣ። በሥርዓቱ መሠረት እያንዳንዱ መንደር ከእርሻ መሬቱ አንድ አምስተኛውን ለአውሮፓ ገበያ በሚውል ተክል ማልማት፣ መሬት የሌለውም ሰው በዓመት 66 ቀን ያህል ጉልበቱን መስጠት ነበረበት። ቡና ከሩዝ ማሳ ውጭ በተራራማ ቦታ የሚተከል በመሆኑ፣ ቤተሰቦች የተወሰነ ቁጥር ያለው ዛፍ እየተንከባከቡ ፍሬውን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እንዲያስረክቡ ይገደዱ ነበር። ቡናውን በ1824 የተቋቋመው የኔዘርላንድስ የንግድ ማኅበር በመርከብ ጭኖ ወደ ሆላንድ ያመጣውና በሐራጅ ይሸጠው ነበር።

በወረቀት ላይ የሰፈረው ደንብ ልክ የነበረው ይመስላል። በተግባር ግን አንድ አምስተኛ የተባለው መሬት በብዙ ቦታ ከዚያ በላይ ሆነ፤ 66 ቀን የተባለውም ሥራ ከዚያ ብዙ ረዘመ። የዚህም ዋና ምክንያት በሥርዓቱ አሠራር ውስጥ ነበር። ሆላንዳውያኑ ሹማምንትና የአገሬው ባላባቶች ከሚሰበሰበው ምርት ላይ በመቶኛ የሚታሰብ አበል ይከፈላቸው ስለነበር፣ ከገበሬው ብዙ ያስረከበ ሹም ብዙ ያገኝ ነበር። ስለሆነም በገበሬው ላይ የሚደርሰውን በደል እንዲቆጣጠር የተሾመው ሰው ራሱ ከበደሉ ተጠቃሚ ሆነ። በ1840ዎቹ መጨረሻ በመካከለኛው ጃቫ በደማክና በግሮቦጋን አውራጃዎች ረኃብ ገብቶ እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ።

በአንጻሩ ሆላንድ በለጸገች። ከ1831 እስከ 1877 ባለው ጊዜ ከ800 ሚሊዮን ጊልደር በላይ ከቅኝ ግዛቱ ወደ ሆላንድ ግምጃ ቤት ገባ። በዚህ ገንዘብ የመንግሥት ዕዳ ተከፈለ፣ የሕዝብ ግብር ቀለለ፣ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ። በ1863 በሆላንድ የካሪቢያን ግዛቶች ባርነት ሲቀር ለባሪያ አሳዳሪዎች የተከፈለው ካሣ እንኳ ከዚሁ ገቢ የወጣ ነበር። በሆላንድ ባቡር የተሳፈረ መንገደኛ፣ ሐዲዱ በማን ጉልበት እንደተከፈለ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። የአምስተርዳም የሐራጅ መዝገብ የቡናውን ክብደትና ዋጋ ሲያሳይ ከዚያ በፊት የሆነውን ሁሉ አያሳይም ነበርና።

ከአምስተርዳም እስከ ሱማትራ

ኤድዋርድ ዳውቨስ ዴከር ማርች 2 ቀን 1820 በአምስተርዳም ከተማ ተወለደ። አባቱ የመርከብ አዛዥ ነበር። ቤተሰቡ የሜኖናውያን ፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ስለነበር ልጁ ሰባኪ እንዲሆን ታስቦ ወደ ላቲን ትምህርት ቤት ተላከ። ዳሩ ግን ትምህርቱን ሳይጨርስ ተወውና በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። በ1838 አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነው በአባቱ መርከብ ተሳፍሮ ወደ ምሥራቅ ሄደ፤ በጃንዋሪ 1839 ባታቪያ ገባ። ባታቪያ የዛሬዋ ጃካርታ ናት።

በባታቪያ የተመደበው በመንግሥት የሒሳብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ነበር። ከሌሎች አውራጃዎች የሚላከውን ሒሳብ ሲመረምር፣ ቁጥሮች እንዴት እንደሚደመሩ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚሸፋፈኑም ለማየት ዕድል አገኘ። በ1842 በሱማትራ ደሴት ምዕራባዊ ጠረፍ ናታል በተባለ ቦታ ተቆጣጣሪ ሹም ሆኖ ተሾመ። እዚያም ሳለ በያዘው የመንግሥት ገንዘብ ላይ ጉድለት ተገኘበት። የአውራጃው ገዥ ጄኔራል ሚኺልስ ከሥራው አገደው፤ በፓዳንግ ከተማም ወራት ያህል ያለ ደመወዝ በችግር ተቀመጠ። የሕይወት ታሪኩን ያጠኑ ሰዎች ጉድለቱን ከስርቆት ይልቅ ለዝርክርክነቱ ሰጥተውታል። ያም ሆነ ይህ የጎደለውን ገንዘብ እንዲከፍል ተደርጎ ወደ ሥራ ተመለሰ።

ይህ ታሪክ የሰውየውን ጠባይ አስቀድሞ ያሳያል። ዴከር የሌላውን ሰው መከራ ቶሎ የሚረዳ፣ እጁ ላይ ያለውን ለለመነው ሁሉ የሚሰጥ፣ ነገር ግን የራሱን ሒሳብ መያዝ የማይችል ሰው ነበር። በ1846 ኤቨርዲና ቫን ዋይንበርገንን አገባ። ወዳጆችዋ ቲነ ብለው የሚጠሯት ይህች ሴት ከባልዋ ዕድል ጋር ብዙ ተንከራታለች። ባልና ሚስቱ በጃቫ፣ በሴሌበስ ደሴት በምትገኘው መናዶና በአምቦን ከኖሩ በኋላ ከ1852 እስከ 1855 በሆላንድ ለዕረፍት ቆዩ። ወደ ምሥራቅ ሲመለሱም ዕዳቸው ከዕረፍቱ በፊት ከነበረው በዝቶ ነበር።

ሦስት ወር በለባክ

በጃንዋሪ 1856 ጠቅላይ ገዥው ዳይመር ቫን ትዊስት ዴከርን በምዕራብ ጃቫ፣ በባንተን ግዛት፣ የለባክ አውራጃ ረዳት ረዚደንት አድርጎ ሾመው። ሹመቱ በሹመት ተራ የመጣ ሳይሆን ጠቅላይ ገዥው ራሱ መርጦት ነበር። ለባክ ድኻ አውራጃ ናት። ዋና ከተማዋ ራንካስቢቱንግ ትባላለች። ቡና በብዛት የሚመረትባት ቦታ አልነበረችም፤ የአውራጃው ሕዝብ ኑሮው በሩዝና በእርሻ ጎሽ ላይ የተመሠረተ ነበር።

በጃቫ የሆላንድ አስተዳደር በሁለት እርከን የተሠራ ነበር። በላይ ሆላንዳዊው ረዚደንትና ረዳቱ፣ በታች ደግሞ በዘር ሐረጉ የሚገዛው ባላባት ነበሩ። የለባክ ባላባት ራደን አዲፓቲ ካርታ ናታ ነጋራ በዕድሜ የገፋና በሕዝቡ ዘንድ የተከበረ ሰው ነበር። ቤተ ዘመዱ ብዙ፣ ወጪውም ከደመወዙ በላይ ነበር። ስለሆነም ደንቡ ከሚፈቅደው በላይ ሰው እየጠራ በነፃ ያሠራ፣ እሱና ከበታቹ ያሉት ሹማምንትም የገበሬውን ጎሽ ያለ ዋጋ ይወስዱ ነበር። ለሩዝ ገበሬ ጎሹን ማጣት ማሳውን እንደ ማጣት ነው። ብዙ ሰዎች መንደራቸውን ጥለው ወደ ሌላ አውራጃ ተሰደዱ።

ዴከር ቢሮው ውስጥ ያገኘው የቀድሞው ረዳት ረዚደንት ማስታወሻ ይህንኑ በደል የሚያመለክት ነበር። ያ ሰው በ1855 በድንገት ሞቶ ነበር፤ ባለቤቱ ባልዋ በመርዝ ሳይገደል እንዳልቀረ መጠርጠርዋን ለዴከር ነገረችው። ዴከር ሥራ በያዘ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1856፣ ባላባቱን በሥልጣን አለአግባብ መጠቀም ከሶ ለአለቃው ለረዚደንት ብሬስት ቫን ኬምፐን ጻፈ። ባላባቱ እዚያው እያለ ማንም ገበሬ ሊመሰክር እንደማይደፍር በማመን፣ ምርመራው እስኪያልቅ ባላባቱ ከአውራጃው እንዲርቅ ጠየቀ። ረዚደንቱ ግን አስቀድሞ ማስረጃውን እንዲያሳየው ፈለገ። ዴከር የመስካሪዎቹ ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል በማለት እምቢ አለና ጉዳዩን ለጠቅላይ ገዥው አቀረበ።

ጠቅላይ ገዥው የዴከርን አካሄድ ነቅፎ ንጋዊ ወደሚባል ሌላ አውራጃ እንዲዛወር አዘዘ። ዴከር ዝውውሩን ከመቀበል ይልቅ ሥራውን ለቀቀ። ስንብቱም ኤፕሪል 4 ቀን 1856 ጸደቀ። በባታቪያ ጠቅላይ ገዥውን ለማነጋገር ያደረገው ሙከራ ሁሉ ከንቱ ቀረ። የአሥራ ሰባት ዓመት አገልግሎቱ እንዲሁ አበቃ፤ ገና የጡረታ መብት አልነበረውም።

ዴከር ትክክል ነበር ወይስ ተሳስቶ ነበር? የታሪክ ጸሐፊዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ሲከራከሩ ኖረዋል። አንዳንዶቹ የአገሬውን ልማድ አላጤነም፣ ነገሩን በጥድፊያ ይዞታል ይላሉ። እርግጥ ነው፣ በሦስት ወር ውስጥ ለብዙ ዘመን የኖረውን ነገር ለመገልበጥ መሞከሩ ብልኅነት አልነበረም። ይሁን እንጂ እሱ ከሄደ በኋላ መንግሥት ራሱ ባደረገው ምርመራ በደሉ በአብዛኛው እውነት ሆኖ ተገኘ። ባላባቱ ተወቅሶ በሥልጣኑ ሲቆይ ከበታቹ ከነበሩት ሹማምንት አንዳንዶቹ ተሻሩ። ከሳሹ ግን እንጀራውን አጥቶ ቀረ።

በብራስልስ የተጻፈው መጽሐፍ

ዴከር በ1857 ወደ አውሮፓ ተመለሰ። ሥራ አላገኘም። ሚስቱና ልጆቹ በዘመድ ቤት ተጠግተው እሱ ከከተማ ወደ ከተማ ይዘዋወር ነበር። በ1859 መከር ላይ በብራስልስ ከተማ በአንድ ርካሽ ማረፊያ ቤት ተቀምጦ ጥቂት ሳምንታት ብቻ በፈጀ ጊዜ ውስጥ መጽሐፉን ጻፈ። ርእሱም ማክስ ሃቨላር ወይም የኔዘርላንድስ የንግድ ማኅበር የቡና ሐራጆች የሚል ሆነ። የብዕር ስሙን ሙልታቱሊ አለው፤ በላቲን ቋንቋ ብዙ የተሸከመ እንደ ማለት ነው።

መጽሐፉ ከሦስት ወገን የሚነገር ታሪክ ነው። ጀማሪው ተራኪ ድሮግስቶፕል የተባለ የአምስተርዳም የቡና ደላላ ነው። ይህ ሰው ቤተ ክርስቲያን የሚስም፣ ዕዳውን በጊዜው የሚከፍል፣ በራሱ ዘንድ ነቀፋ የሌለበት ሰው ነው። ከቡና ዋጋ በቀር የሚያሳስበው ነገር የለም። አንድ ቀን አንድ የቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኛው ነጠላ ልብስ ለብሶ ብርድ ሲያንገላታው ያገኘዋል፤ ያም ድኻ ሰው የወረቀት ጥቅል ይሰጠዋል። ደላላው ከጥቅሉ ውስጥ ስለ ቡና ገበያ የሚጠቅም ነገር ይገኝ ይሆናል ብሎ በቤቱ የሚኖር አንድ ወጣት ጀርመናዊ እንዲያስተካክለው ያደርጋል። ከጥቅሉ የሚወጣው ግን በለባክ ስለተፈጸመው በደል የሚናገረው የማክስ ሃቨላር ታሪክ ነው።

በዚህ መካከል የሳይጃና የአዲንዳ ታሪክ ይገኛል። ሳይጃ የገበሬ ልጅ ነው። የአባቱ ጎሾች አንድ በአንድ በሹማምንት ይወሰዳሉ። ልጁ አዲንዳን ለማግባት ጎሽ የሚገዛበት ገንዘብ ሊያጠራቅም ወደ ባታቪያ ይሄዳል። ቃል በተገባባው ቀን ሲመለስ ቤተሰብዋ ከግፍ ሸሽቶ ወደ ሱማትራ ተሻግሮ ያገኘዋል። ተከትሎ ሲሄድ አዲንዳን በሆላንድ ወታደሮች ተገድላ ያገኛታል፤ እሱም በሳንጃ ይሞታል። በሐራጅ መዝገብ ላይ ያልሰፈረው ነገር እዚህ ስም፣ መንደርና መልክ አገኘ። በመጨረሻም ደራሲው ገጸ ባሕርያቱን ሁሉ አሰናብቶ ራሱ ብዕሩን ይይዝና አቤቱታውን በቀጥታ ለንጉሥ ዊሌም ሦስተኛ ያቀርባል።

ስለ መጽሐፉ መውጣት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚታለፍ አንድ እውነት አለ። ዴከር መጽሐፉ እንዳይታተም ለማድረግ ፈቃደኛ ሆኖ ነበር። በጃቫ የረዚደንትነት ሹመት፣ ኒሻን፣ የቀድሞው የአገልግሎት ዘመን መታሰብና ዕዳውን የሚከፍልበት ገንዘብ ቢሰጠው ጽሑፉን እንደሚያስቀር ለመንግሥት አሳወቀ። የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ሮኹሰን በካሪቢያን ግዛት ሌላ ሥራ ሊሰጠው ቢያስብም ዴከር አልተቀበለም። ስለዚህ ዓለምን ያስደነገጠው መጽሐፍ በአንድ የሹመት ወረቀት ሊቀር ይችል ነበር። ደራሲው ተመልሶ ቢሾም ኖሮ በሥልጣኑ ለገበሬው ብዙ እሠራለሁ ብሎ ያምን እንደነበር ይታወቃል። ግን የሚስቱና የልጆቹ ረኃብም በሐሳቡ ውስጥ ነበረ። ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ ነው።

መጽሐፉ በሜይ 1860 በአምስተርዳም ታተመ። አሳታሚውን ያገናኘው ታዋቂው ደራሲ ያኮብ ቫን ሌኔፕ የመጽሐፉን መብት በእጁ አስገብቶ ነበር። ቫን ሌኔፕ የቦታዎቹን ስምና ዓመተ ምሕረቱን በነጥብ ተካው፤ ሕዝብ በቀላሉ እንዳይገዛውም ዋጋውን ከፍ አደረገው። እንዲህ ሲሆን ክሱ ስለ አንድ የታወቀ አውራጃ መሆኑ ቀርቶ የትም ሊሆን የሚችል ተረት መሰለ። ዴከር መብቱን ለማስመለስ በፍርድ ቤት ተከራከረና ተሸነፈ። ስሞቹንና ቀኖቹን መልሶ ያስገባው በ1875 በወጣው እትም ነው። ያም ሆኖ መጽሐፉ በመጀመሪያው ዓመት አገሪቱን አናወጠ፤ በፓርላማም ሳይቀር ተነሣ።

ዝና፣ ዕዳና ስደት

ሙልታቱሊ በአንድ ዓመት ውስጥ ዝነኛ ሆነ። እንጀራ ግን አልሆነለትም። ከ1862 እስከ 1877 «ሐሳቦች» በሚል ርእስ ሰባት ቅጽ ጽሑፍ አሳተመ። በነዚህ ጽሑፎች ስለ ትምህርት፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ሴቶች መብትና ስለ መንግሥት አስተዳደር የዘመኑን ልማድ ተቸ።

በ1862 ያሳተመው ስለ ነፃ ሥራ የሚናገር ጽሑፍ በተለይ መታየት ይገባዋል። በዚያን ጊዜ የሆላንድ ሊበራሎች የመንግሥትን የግዳጅ እርሻ አስቀርተው መሬቱን ለግል ባለሀብቶች ለመክፈት ይታገሉ ስለነበር፣ ማክስ ሃቨላርን እንደ መሣሪያ ሊጠቀሙበት ፈለጉ። ዴከር ግን አልተባበራቸውም። የገበሬው ጉልበት ከመንግሥት እጅ ወጥቶ በግል ኩባንያ እጅ ቢገባ በደሉ ባለቤት ከመለወጥ በቀር አይቀርም የሚል አቋም ያዘ። በዚህም ወግ አጥባቂዎቹም ሊበራሎቹም ራቁት። በ1870 በወጣው የመሬት ሕግ የግል ባለሀብቶች ወደ ጃቫ ገቡ። ቡናን በግዳጅ የማስተከሉ ልማድ ግን በአንዳንድ ቦታ እስከ 1910ዎቹ ዘለቀ።

ሥርዓቱ ከገበሬው በተጨማሪ መሬቱንም አልራራለትም። ሰፊ መሬት ላይ ከአንድ ወገን የመጣ ተክል ብቻ የተተከለበት የጃቫ ቡና፣ በ1876 አካባቢ የቅጠል ዝገት የሚባለው በሽታ በደሴቲቱ ላይ ሲታይ የሚቋቋምበት ኃይል አልነበረውም። ቆላማው የአረቢካ ተክል በአብዛኛው ጠፋና በ1900 አካባቢ ሮቡስታ የተባለው ሌላ የቡና ዓይነት መተካት ጀመረ። የዓመቱን ምርት ብቻ የሚቆጥር አሠራር የመጪውን ዘመን ኪሣራ አላየውም ነበር።

የዴከር የግል ሕይወት ግን ከጽሑፎቹ ጋር አይመዛዘንም። ዕዳውን ለመክፈል በጀርመን የቁማር ቤቶች ዕድሉን ሞከረ። የሩሌትን ዕድል በሒሳብ ለማሸነፍ ብዙ ደከመ፤ በ1870ዎቹ መጀመሪያም ስለዚሁ መጽሐፍ ጻፈ። ትርፉ ግን ኪሣራ ነበር። ከሚሚ ሃሚንክ ስኼፐል ጋር ወዳጅነት መሥርቶ ቲነን ከሁለት ልጆችዋ ጋር ለብቻዋ ተዋት። ቲነ ወደ ኢጣልያ ሄዳ በ1874 በቬኒስ ከተማ ሞተች። መጽሐፉ የታተመው ለእርስዋ መታሰቢያ ተደርጎ ነበር፤ እርስዋ ግን ከመጽሐፉም ሆነ ከዝናው የተጠቀመችው ነገር አልነበረም። ለማያውቃቸው የጃቫ ገበሬዎች የተሟገተ ሰው በገዛ ቤቱ ያለውን ዕዳ ሳይከፍል ቀረ። የሕይወት ታሪኩን የሚያነብ ሰው ሁለቱንም ጎን አብሮ መያዝ ግድ ይለዋል።

ዴከር በ1875 ሚሚን አገባ። ከ1877 በኋላ መጽሐፍ መጻፍ አቆመ። ወዳጆቹ በ1881 በጀርመን ኒደር ኢንገልሃይም በምትባል መንደር ቤት አገኙለት። በአስም በሽታ ሲሠቃይ ኖሮ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1887 በስልሳ ስድስት ዓመቱ እዚያው ሞተ። አስከሬኑ በጎታ ከተማ ተቃጠለ፤ ይህን ሥርዓት ያገኘ የመጀመሪያው ሆላንዳዊ እሱ ነው ይባላል።

ስሙ የሄደበት መንገድ

መጽሐፉ ከደራሲው በላይ ኖረ። በ1901 የሆላንድ መንግሥት ለቅኝ ግዛቱ ሕዝብ የሞራል ግዴታ አለብኝ የሚል አዲስ መርህ ሲያውጅ፣ መርሁን የነደፉት ሰዎች ያደጉት ማክስ ሃቨላርን እያነበቡ ነበር። የዴከር ወንድም የልጅ ልጅ ኤርነስት ዳውቨስ ዴከር በ1912 ለነፃነት የሚታገል የፖለቲካ ማኅበር በጃቫ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። መጽሐፉ በ1972 ወደ ኢንዶኔዥያ ቋንቋ ተተረጎመ። ታላቁ ኢንዶኔዥያዊ ደራሲ ፕራሙድያ አናንታ ቱር በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ ለቅኝ አገዛዝ መሞት ይህን መጽሐፍ አንዱ ምክንያት አድርጎ ቆጥሮታል። በ2018 በራንካስቢቱንግ ከተማ የሙልታቱሊ ቤተ መዘክር ተከፈተ። ከሥራው በተሰናበተበት ከተማ ስሙ ተመልሶ ተተከለ ማለት ነው።

ከቅኝ አገዛዝ መውደቅ በኋላ የሐራጁ መዝገብ ጉድለት ግን አልተሟላም። የቡና ዋጋ የሚቆረጠው ከገበሬው ማሳ ርቀው በሚገኙ ገበያዎች ሆኖ ቀጠለ። በ1973 አንድ የሆላንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ከጓቲማላ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በቀጥታ ቡና ገዝቶ ማቅረብ ጀመረ። ሽያጩ ግን በጥቂት ልዩ ሱቆች ብቻ የተወሰነ ነበር። በ1980ዎቹ በሜክሲኮ የኦሃካ ግዛት ገበሬዎች መካከል ይኖር የነበረው ሆላንዳዊ ቄስ ፍራንስ ቫን ደር ሆፍና ሶሊዳሪዳድ የተባለው ድርጅት ባልደረባ ኒኮ ሮዘን አንድ ሐሳብ አወጡ። ሐሳቡ ገበሬውን የሚረዳ ሌላ ሱቅ መክፈት ሳይሆን፣ ማናቸውም ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ድርጅት የተወሰነ ሁኔታ ሲያሟላ ሊለጥፈው የሚችል ምልክት ማዘጋጀት ነበር። ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ይልቅ ትንንሾቹ ቆዪዎች ቀድመው ተቀበሉት። ኖቬምበር 15 ቀን 1988 የመጀመሪያው ቡና ለገበያ ሲቀርብ የተሰጠው ስም ማክስ ሃቨላር ሆነ።

የምልክቱ አሠራር ይህ ነው። ቡናው ከተመዘገበ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ይገዛል። የዓለም ዋጋ ሲወድቅ ገዢው ከተወሰነው ዝቅተኛ ዋጋ በታች አይከፍልም፤ ሲወጣ ደግሞ የገበያውን ዋጋ ይከፍላል። በዚያ ላይ ማኅበሩ በጋራ ወስኖ የሚጠቀምበት ተጨማሪ ገንዘብ አለ። ማኅበሩ ሲጠይቅም ገዢው የግዢውን ገንዘብ ከፊል አስቀድሞ ያበድራል። ቆዪው የገዛውና የሸጠው መጠን እየተመሳከረ ይመረመራል። የዚህን ፋይዳ ለማየት ብዙ መጠበቅ አላስፈለገም። በ1989 ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ኮታ ሲፈርስ ዋጋ በግማሽ ያህል ወደቀ። በ2001 የዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት አማካይ ዋጋ በአንድ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሲሆን፣ በምልክቱ የተሸጠ የታጠበ አረቢካ 1 ዶላር ከ26 ሳንቲም ያገኝ ነበር። ዝቅተኛው ዋጋ ከኦገስት 2023 ጀምሮ ለዚሁ ዓይነት ቡና 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም ሆኖ ተወሰነ።

ከጃቫ የተነሣው ታሪክ በዚህ መንገድ ወደ ቡና መገኛ ተመለሰ። በ1999 የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንና ከእሱ በኋላ የተቋቋሙት የሲዳማና የይርጋ ጨፌ ዩኒየኖች ከቡናቸው ከፊሉን በዚሁ ሥርዓት ወደ ውጭ ልከዋል። ከተጨማሪው ገንዘብ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የንጹሕ ውሃ መስመር የተሠራባቸው መንደሮች አሉ።

ይህ ማለት ግን ችግሩ ተፈታ ማለት አይደለም። ማኅበራት ካመረቱት ቡና በምልክቱ የሚሸጡት ብዙ ጊዜ ከፊሉን ብቻ ነው፤ ቀሪው በተለመደው ገበያ ይሄዳል። ለምዝገባና ለቁጥጥር የሚወጣው ወጪም ለድኻ ማኅበር ቀላል አይደለም። መሬት የሌለው የቀን ሠራተኛ ከጥቅሙ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ ምልክት በማሸጊያ ላይ ሲለጠፍ፣ ገዢው ሕሊናውን አሳርፎ መጠየቁን ሊተው ይችላል። ድሮግስቶፕልም ቢሆን ሕሊናው ያረፈ ሰው ነበር።

የኤድዋርድ ዳውቨስ ዴከር ሕይወት የሚያስተምረው ከዚህ የተነሣ ነው። በለባክ እውነትን ይዞ ተሸነፈ፤ እውነቱን የሚሸከም አሠራር በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ አልነበረምና። የበደል ተቆጣጣሪ ከበደል ተጠቃሚ በሆነበት ቦታ የአንድ ሰው ቅንነት ሦስት ወር ብቻ ቆየ። ከዚያ በኋላ በቁጣው መጽሐፍ ጻፈ፤ መጽሐፉም የብዙዎችን ዓይን ከፈተ። ይሁን እንጂ ዓይን ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ፣ የገበሬው ድርሻ በየጊዜው ሊመረመር የሚችል ሒሳብ ሆኖ በአንድ የቡና ማሸጊያ ላይ እስኪታይ ድረስ 128 ዓመት አልፏል። ያም ሒሳብ ቢሆን የሚያገለግለው መርማሪ እስካለው ድረስ ብቻ ነው። የገዛ ሒሳቡን መያዝ ያልቻለው ያ ሰው ለዓለም ትቶት የሄደው ሥራ ይኸው ነው፤ የመዝገቡን ጎዶሎ መሥመር መፈለግ፣ ካገኙትም በኋላ እንዳይጠፋ መጠበቅ።